የአባቴ ትኩስ አሸዋ

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ፣ ባሕር ዳር በምኖርበት ግቢ የውሃ መስመር ተሰብሮ ሊጠግን የመጣ አንድ ወጣት የፕላስቲኩን ቱቦ ጫፍ በእሳት እያለዘበ ሲያሰፋው ሽታው በመስኮት ገባ። ጎረቤቶቼ አፍንጫቸውን ይዘው በራቸውን ዘጉ፤ እኔ ግን የማጣጥፈውን ልብስ አስቀምጬ በረንዳው ላይ ወጣሁና፣ የሚያየኝ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ፣ ደህና አድርጌ ሳብኩት። ለጤና እንደማይበጅ አውቃለሁ። ቢሆንም ያ የሚከረፋ ሽታ ለእኔ የፍኖተ ሰላም ቤታችን ሽታ ነው፤ ሌላው ሰው የእናቱን ወጥ ሲያስታውስ እኔ የማስታውሰው የተቃጠለ ፕላስቲክ ነው፤ ምን ይደረግ።

አባቴ አስማረ በወጣትነቱ በማንኩሳ ዙሪያ ለገጠር ቀበሌዎች የውሃ ቱቦ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነበር። ሥራው ሲያልቅ የተረፈውን ቁርጥራጭ ቱቦ በጋሪ ጭኖ መጥቶ፣ ከቤታችን ጎን በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ቦታ ሠራና ወርክሾፕ ብሎ ሰየማት። እናቴ «ያንተ ዳስ» ትላት ነበር። ከዚያች ዳስ ውስጥ የማይወጣ ነገር አልነበረም፤ የሱቅ ታፔላ፣ የጋሪ ፓራፋንጎ፣ የዶሮ መመገቢያ፣ ማር አንጣሪዎች የሚወዱት አፈ ሰፊ ማጥለያ፣ ብቻ ምን አለፋችሁ፣ ሰው አስቦ የመጣውን ሁሉ አባቴ ከቱቦ ያወጣለት ነበር።

በበጋ፣ ላህ ወንዝ ሲጎድል፣ ከዳር ደቃቁን አሸዋ በጆንያ እያመጣን በወንፊት እንነፋው ነበር። አባቴ በቁመቱ የተሰነጠቀ በርሜል በድንጋይ ላይ አጋድሞ አሸዋውን ይሞላበትና ከሥሩ እንጨት ያነድዳል፤ ቱቦውን ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመጋዝ ሰንጥቆ፣ አሸዋው በደንብ ሲግል ይቀብረዋል። ትንሽ ቆይቶ በእርጥብ ጆንያ ይዞ ሲያወጣው ያ ደረቅ ነገር እንደ ራሰ ቆዳ ተልፈስፍሶ ይመጣል፤ ፈጥኖ ይዘረጋዋል፣ ጣውላ ላይ ያስተኛዋል፣ በላዩም ሌላ ጣውላ ይጭንበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእኛ ነበር። የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ይጠራና ጣውላው ላይ ያቆመናል፤ ፕላስቲኩ ቀዝቅዞ ቀጥ ያለ ሰሌዳ እስኪሆን ድረስ መንቀሳቀስ አይፈቀድም። ሰሌዳውን ለማጠፍ ሲፈልግ ደግሞ መታጠፊያውን መስመር ብቻ ከአሸዋው ውስጥ ያስገባና፣ ሲለዝብ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርጎ ያጥፈው ነበር።

የአሸዋውን ሙቀት የሚለካበት ዕቃ አልነበረውም፤ የሚለካው በስንዴ ነበር። ጥቂት ፍሬ ይበትንበትና ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ስንዴው ቀላ ሲል ቱቦው ይቀበራል፤ ከጠቆረ ግን እሳቱ ይጎተታል፣ አሸዋውም እስኪበርድ ይጠበቃል። የተቆላውን ስንዴ እኛ ለቅመን እንቆረጥመው ነበር፤ ጥርሳችን ላይ አሸዋው ሲንቋቋ እናቴ ከጓዳ ሰምታ «ደግሞ ጠጠር ጀመራችሁ?» እያለች ትቆጣለች።

ያን ጊዜ ጣውላው ላይ እኔ የምቆመው ብቻዬን አልነበረም። ታናሽ እህቴ ይታይሽ ገና መራመድ በጀመረች ሰሞን ጠንካራ ትኩሳት ይዟት፣ ትኩሳቱ ሲለቃት ግራ እግሯን የልጅነት ልምሻ ይዞባት ቀረ። ግድግዳ ይዛ ትቆማለች፤ ስትራመድ ግን የእግሯ ጫፍ ወደ ታች እየወደቀ መሬቱን ይጎትታል፣ ቁርጭምጭሚቷም ይታጠፍባትና ትወድቃለች። ስለዚህ እኔ አዝያት እዞር ነበር። ገበያ አዝያት፣ ቤተ ክርስቲያን አዝያት፣ ሰኞ ማክሰኞ ስጫወት እንኳ አዝያት፤ መስመር የረገጥሽው አንቺ ነሽ፣ የለም እሷ ናት እያሉ ልጆቹ ይጨቃጨቁብን ነበር። አባቴ ጣውላው ላይ ሰው ሲጠራ «እነዚያ ሁለት ሆነው አንድ የሚሆኑት ይምጡ፤ እነሱ ይከብዳሉ» ይላል። ይታይሽ ይህን ስትሰማ ከጀርባዬ ላይ ትኮራለች፤ ለአንድ ሥራ ሲፈልጓት የምትሰማው እዚያ ብቻ ነበርና።

ባሕር ዳር ድረስ ወስደዋት ከብረትና ከቆዳ የተሠራ ድጋፍ ተሰጥቷት ነበር፤ እግሯ እያደገ ሲሄድ ግን ጠበባት። አዲስ የሚሠራበት ተራዋ ሩቅ ነበር። ችግሩ ደግሞ ያ ዓመት ነበር። ይታይሽ ለአንደኛ ክፍል ደርሳለች፤ እኔ ግን በመስከረም ከከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ትምህርት ቤት መዛወሬ ስለሆነና ሁለታችንም የጠዋት ተማሪዎች ስለሆንን፣ አዝያት ልሄድ አልችልም። እናቴ ቁርጡን ነግራት ነበር፤ በእግሯ መሄድ ካልቻለች አንድ ዓመት ቤት ትቆያለች። ይታይሽ ግን ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ ለጎረቤት ፍየል ሳይቀር፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት እንደምትገባ አውርታ ጨርሳለች።

በሚያዝያ፣ ፀሐይዋ በጠናችበት ሰሞን፣ ከሆስፒታሉ አንዲት ነርስ ለዶሮዎቿ መመገቢያ ልታሠራ መጣች። ሁሉም ሲስተር ይላት ነበር፤ ወጣት፣ ፈጣን፣ ሰው ሲያወራ ዓይኑን ሳይሆን እግሩን የምታይ ሴት ነበረች። ይታይሽን ከጀርባዬ አስወርዳ አስቆመቻት፣ አራመደቻት፣ ስትወድቅም ቀድማ ያዘቻት። ከዚያም የአባቴን ሰሌዳዎች እያገላበጠች፣ በተማረችበት ቦታ ከውሃ ቱቦ የእግር ድጋፍ ሲሠራ እንዳየች፣ ትክክለኛው እስኪደርስ ድረስ ለቁርጭምጭሚት ሊያገለግል እንደሚችል፣ ሆኖም እሷ ራሷ ፕላስቲክ አቅልጣ እንደማታውቅ ነገረችው። አባቴ የልጅ እግር መንካት ፈራ። እሱ ታፔላ ሠሪ እንጂ ሐኪም አለመሆኑን፣ ቢያበላሽ ማን እንደሚጠየቅ ብዙ ተናገረ። እሷ ታግሳ ሰማችውና፦

«አያ አስማረ፣ እግሩን ለእኔ ይተዉት፤ እርስዎ ፕላስቲኩን ይያዙልኝ። እኔ ሳላየው እግሯ ላይ አይገባም» አለችው።

በዚህ ተስማሙ። ሲስተር በማግስቱ ጄሶ ይዛ መጥታ የይታይሽን እግር ከጉልበቷ ሥር ጀምራ ለበጠችው፤ ሲደርቅ ቆርጣ አወጣችውና ባዶውን በጄሶ ሞላችው። እንዲህ ሆኖ ነጭ የልጅ እግር በመደርደሪያችን ላይ ቆመ። እናቴ እንግዳ ይደነግጣል ብላ በጨርቅ ትሸፍነዋለች፤ ይታይሽ ጨርቁን ገልጣ ታጫውተዋለች፣ ታናሼ ነው ትላለች፣ ምሳ ሲቀርብም የድርሻውን ታጎርሰዋለች። የጄሶው እግር ጣቶች ሽሮ በሽሮ ሆነው ሲስተር ባየች ጊዜ ስቃ ልትሞት ነበር።

ክረምቱ ገባ። ያ ክረምት ለአባቴ መጥፎ ነበር፤ አሸዋው ይረጥባል፣ እንጨቱ ይጨሳል፣ ዳሱም ያፈሳል። ከሥሥ ቱቦ የሠራው የመጀመሪያው ድጋፍ የይታይሽ ክብደት ሲያርፍበት ተጣጠፈ። ሁለተኛው አሸዋው ሳይግል ስለተወጠረ ተረከዙ ላይ ተሰነጠቀ። ሲስተር እየመጣች የሚጠብቅባትን ቦታ በከሰል ታመለክትለታለች፤ እዚህ አጥንት አለ ይራቅ፣ እዚህ ይቀረብ ትለዋለች፤ በመጨረሻም ወፍራም ቱቦ ካልሆነ እንደማይሆን ሁለቱም ገባቸው። ወፍራም ቱቦ ደግሞ በከተማው ሱቅ የለም። አባቴ ከገጠሩ ሥራ ያመጣው የቀረው አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር፤ የዚያን ጥንድ ለሁለት ሰንጥቆ ከጣሪያችን ክፈፍ ሥር አሸንዳ አድርጎት ነበርና።

ስለዚያ አሸንዳ ካልተናገርኩ እናቴን አታውቋትም። ከጣሪያው ጠርዝ ተቀብሎ በርሜላችንን ይሞላ ስለነበር፣ ክረምቱን ሙሉ ሌሎች ሴቶች ቦኖ ውሃ ተሰልፈው ሲጋፉ እናቴ በራፏ ላይ ቆማ ነበር የምትቀዳው። የፕላስቲኩ ሽታ አሳመመኝ፣ ነጠላዬ ከረፋ፣ ይህ ሰውዬ አንድ ቀን ያቃጥለናል ስትል የምትውለዋ ሴት፣ አሸንዳዋን የሚያደንቅ ጎረቤት ከመጣ «አስማረ እኮ ነው የሠራልኝ» ለማለት አታቅማማም።

መስከረም ጠባ፤ ሰማዩም ጠራ። አሸዋው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ደረቀና አባቴ ያን የቀረውን ቁራጭ ይዞ ሥራውን ሊጀምር ተነሣ። በዚያ ቀን እናቴ ቡሬ ለቅሶ ሄዳ ነበር፤ አጎታችን ደግሞ መስቀል ባለፈ ሰሞን ከፈረስ ቤት አዲስ የደረሰ ገብስ በቁና ይዞ መጥቷል። የዚያ ዓመት የመጀመሪያው እህል ነበር። አባቴ ገብሱን በእፍኙ አንሥቶ አሸተተው፣ ሳመው፣ ይህን የመሰለ ሥራ በአዲስ እህል ቢጀመር በረከት አለው ብሎ ስንዴውን ትቶ ከገብሱ አሸዋው ላይ በተነ። አጎቴም አሜን አለ። እኛ አገር አዲስ እህል ሲገባ የማይባረክበት ነገር የለምና፣ እኔም ይታይሽም መልካም ነገር የተደረገ መስሎን ዳር ላይ ተቀምጠን እንጠብቅ ነበር።

ገብሱ ግን አልቀላ አለ። እርጥበቱ በውስጡ ነበርና ላብ ላብ እያለው ነጣ ብሎ ቀረ። አባቴ አሸዋው አልጋለም ብሎ እንጨት ጨመረ፤ ጠበቀ፤ ደግሞ ጨመረ። ገብሱ እንደምንም ሲቀላ ቱቦውን ቀበረው። ወዲያው አሸዋው እንደ መንፋት አለና ቢጫ ጭስ ወጣ፤ ዓይናችንን ያቃጠለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ጭስ። አባቴ በጉጠት መንጭቆ ሲያወጣው ያ ወፍራም ቱቦ ጠቁሮ፣ በላዩ ሁሉ አረፋ አውጥቶ፣ ከአሸዋው ጋር ተጣብቆ ነበር። መሬት ላይ ጣለው። አጎቴ እጁን በአፉ ላይ አድርጎ ቀረ።

ይታይሽ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ቀረበችና የጠቆረውን ነገር ለረጅም ጊዜ አየችው።

«አባየ፣ እግሬ ተቃጠለ?»

አባቴ ብድግ ብሎ ከዳሱ ወጣና አጥሩን ተደግፎ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ጋሪዎች ያልፋሉ፣ ሰዎች ሰላም ይሉታል፣ እሱ ግን አይሰማም። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ መጀመሪያ ጭሱ አስሎት መስሎኝ ነበር። እኔ ተናድጄ ነበር፤ በገብሱ፣ በአጎቴ፣ ባሕር ዳር ባለው ተራ፣ በሁሉም። እህቴን አነሣሁና አዘልኳት፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረኝም።

እናቴ ከቡሬ በከሰዓቱ መኪና ስትመለስ የግቢው ሽታ ነው የተቀበላት። የለቅሶ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ዳሱ ውስጥ ገብታ የጠቆረውን ቱቦ አየች፣ አሸዋው ላይ የቀረውን ገብስ በጣቷ ፈልፍላ አንዷን ነከሰቻትና ነገሩ ገባት። ትቆጣለች ብለን ጠብቀን ነበር፤ አልተቆጣችም። ወጥታ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች።

«ዝናቡ አብቅቷል፤ አሸንዳውን አውርደው» አለችው።

አባቴ ዞር ብሎ አያት። «የሚመጣው ክረምትስ? ውሃውን ምን ልታደርጊው ነው?»

«ውሃውን እኔ እሄድለታለሁ። እሷ ትምህርቷን ትሂድ።»

በማግስቱ ጊዮርጊስ ስለነበር ሥራ አልተነካም። ትምህርት ተከፍቷል፤ ይታይሽ በራፉ ላይ ተቀምጣ አዲስ ደብተር ይዘው የሚመለሱትን ልጆች ታያለች፤ የወረደው አሸንዳም ታጥቦ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። እንደዚያ ቀን የረዘመ የበዓል ቀን አላስታውስም።

ከበዓሉ በኋላ እናቴ እሳቱ ዳር ራሷ ተቀመጠች። ከጓዳ የባለፈውን ዓመት ደረቅ ስንዴ አምጥታ በተነችና፣ ዓመቱን ሙሉ ያማረረችበትን አሸዋ ዝቅ ብላ እያየች «ገና ነው… ገና ነው…» ስትል ቆየች። ቆሎ መቁላት የለመደ ዓይኗ አልተሳሳተም። አሁን ስትል አባቴ ቀበረ፤ አውጣ ስትል አወጣ። ለዝቦ የወጣውን አሸንዳ በጨርቅ በተጠቀለለው የጄሶ እግር ላይ ጣለው፣ ለዚሁ የመጣችው ሲስተር በጣቶቿ ተረከዙን ተጭና ያዘች፣ እኔና አጎቴ በብስክሌት ካላማዳሪያ ላስቲክ ከላይ እስከ ታች ጠፍረን አሰርነው። እጃችን እየተቃጠለ ማንም አልለቀቀም። ፕላስቲኩ ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ሁላችንም እሱን እናዳምጥ ነበር።

ሲፈታ እግር መስሎ ወጣ። ሲስተር ጠርዙን በሞረድ አስለሰለሰች፣ ውስጡን በስስ ቆዳ ለበጠች፣ በይታይሽ እግር ላይ አጥልቃ ማሰሪያውን ሳበችና ቆዳዋ እንዳይቀላ ደጋግማ እያወለቀች አየች። ከዚያ «ነይ» አለቻት። ይታይሽ ግድግዳውን ለቀቀች። የእግሯ ጫፍ አልወደቀም። አንገዳገዳት፣ ቆመች፣ ደግሞ ሄደች፤ የውሃው በርሜል ጋ ደርሳ ስትይዘው አባቴ ሳቀ፣ እናቴ ደግሞ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ጓዳ ገባች።

ሰኞ ጠዋት እኔ ለመምህሬ እንደማረፍድ አስነግሬ ይታይሽን ልሸኛት ወጣሁ። እጄን ዘረጋሁላት፤ ደብተሯን ሰጠችኝ እንጂ እጇን አልሰጠችኝም። ስታዘግም ጋሪዎች እየቀደሙን፣ ሰዎች ቆመው እያዩን፣ አንዲት አሮጊት እግዚአብሔር ይመስገን እያሉ እየተከተሉን ሄድን። አዝያት ብሆን ኖሮ ገና ድሮ ደርሰን ነበር። መሃል ላይ ደክሟት ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ከልማዴ የተነሣ ጎንበስ ብዬ ጀርባዬን ሰጠኋት። ጀርባዬን በመዳፏ መታ መታ አደረገችና «እትየ፣ ቀጥ በይ» አለችኝ። ከበሩ ስትገባ ዞር ብላ አላየችኝም። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ከፋኝ። ወደ ትምህርት ቤቴ ስሮጥ ጀርባዬ ቀሎ የሌላ ሰው ጀርባ መስሎ ተሰማኝ።

የሚቀጥለው ክረምት እናቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ቦኖ ተሰልፋ ውሃ ቀዳች፤ ስለ አሸንዳው የጠየቃትን ሁሉ ትምህርት ቤት ሄዷል ትለው ነበር። የይታይሽ ተራ ደርሶ ከባሕር ዳር ትክክለኛው ድጋፍ ሲመጣም እሷ የአባቴን በቀላሉ አልተወችም፤ ጠቦባት ቁስል እስኪያወጣባት ድረስ በእሱ ትሄድ ነበር።

ዛሬ ዋናው መንገድ በባጃጅ ተሞልቷል፤ እግሩ የማይታዘዝለት ልጅ ካለ ማንም አስቁሞ በደቂቃ ያደርሰዋል፣ ድጋፉንም ሙቀቱን በቁጥር በሚያሳይ ምድጃ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። አባቴ አርጅቷል፤ እሳቱን ትቶታል። ይታይሽ ማንኩሳ መምህርት ናት፤ ከቤቷ እስከ ክፍሏ ያለውን መንገድ ማንም እንዲያደርሳት አትፈቅድም። ያን ጊዜ የት እንዳለች፣ ምን እንደምትፈልግ፣ እንቅልፍ እንደያዛት ሳይቀር በጀርባዬ አውቅ ነበር። አሁን ለማወቅ ስልክ መደወል አለብኝ። ጠዋት ጠዋት እደውላለሁ፤ ብዙውን ጊዜ አታነሣም፤ መንገድ ላይ ናት።